ቁሙ ያልኩት እኔ ነኝ

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ባለቤቴ ዋኘው ካረፈ ደግሞ በመጪው ጾም ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጠዋት ስነሣ እጄ ከልማድ ነጩን ጋዋን ይፈልጋል። ከዚያ የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ ይለኝና ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ማለዳ ሰላማዊት የምትባል የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በሬን አንኳኳች። ለአካባቢያቸው በጎ የሠሩ ሰዎች የሚመሰገኑበት ቀን እየተዘጋጀ ነው አለችኝ። ከሚመሰገኑት አንዷ እኔ ነኝ።

“እትዬ ጥሩወርቅ፣ የሥራ ዘመንዎን ታሪክ በሁለት ገጽ ይጻፉልን። መድረክ ላይ ይነበባል። ደስ የሚል ይሁን፣ ሰው እንዲነሣሣበት።”

“ሌሎቹ እነማን ናቸው?” አልኳት።

ዝርዝሩን ሰጠችኝ። የተራቆተውን ኮረብታ በወይራና በጥድ ያለበሱት መምህር አሉበት። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚወስደውን የእግር ድልድይ በገዛ እጃቸው እየጠረቡ የሚተኩት አናጢ አሉበት። ሁሉም የሚገባቸው ሰዎች ናቸው። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

“ዋኘውስ?”

“የቱ ዋኘው?” አለች። ወዲያው ዓይኗ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ላይ አረፈና ደነገጠች። “ውይ፣ ይቅርታ እትዬ። የመረጠው እኮ ቀበሌው ነው። ስማቸው ተነሥቶ ነበር አሉ። የጅብራ ሜዳ ሰው ግን ‘እሱ የሚመሰገን ከሆነ እኛ አንመጣም’ ብሎ አስቸገረ። በተለይ አንዲት እናት።”

“ማንጠግቦሽ።”

“ያውቋቸዋል?”

“አውቃቸዋለሁ። እሳቸው ቅሬታቸውን ቢያነሡስ?”

“እሳቸው እሺ ካሉ ማን እምቢ ይላል? እንጨምራቸዋለን። ግን ቶሎ መሆን አለበት፤ ፕሮግራሙ ሊታተም ነው።”

ሸኘኋትና ወረቀት አወጣሁ። ዓይኔም እጄም ስለደከመ በቀን ከግማሽ ገጽ አይበልጥልኝም። ከሁለት ገጽ አልፏል። ደስ የሚልም አልሆነም።

የተማርኩት ለጤና ረዳትነት ነው። ደርግ ሊወድቅ ሲል ሥራ ጀመርኩ፤ መንግሥት ከተቀየረ በኋላ ዳባት ወዳለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ተዛወርኩ። ደመወዙ ለአንድ ሰው ይበቃ ነበር፣ እኔም ያኔ አንድ ሰው ነበርኩ። የሕክምና ሥራ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ትምህርት ቤት አይደለም። እዚያች ክሊኒክ ውስጥ ከድሬሰር አብተው ነው።

ጋሽ አብተው ረዥም፣ ቀጭን፣ ሳል የማያጣቸው ሰው ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምረው ከዚያ ወዲህ ያልሠሩት ነገር አልነበረም። አለቆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እሳቸው ይቀራሉ። በሽተኛ በቃሬዛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያናግሩት ተሸካሚዎቹን ነበር።

“የት የት አረፋችሁ?” ይሏቸዋል።

እኔ በልቤ እናደዳለሁ። ሰው እያጣጣረ ይህ ምን ወሬ ነው እላለሁ። አንድ ቀን አላስችለኝ ብሎ ጠየቅኋቸው።

“ልጄ፣ ገበሬን ‘መቼ ጀመራት?’ ብትዪው ‘ትናንት’ ነው የሚልሽ። ዘገየህ እንዳይባል ያፍራል። የት እንዳረፈ ግን አይዋሽም። ወንዙ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች ካለሽ፣ ከዚያ ወዲያ አንቺ ከመንገዱ ቁጠሪው።”

የነፍሰ ጡር ሆድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ያሞቁ ነበር። በቀዝቃዛ እጅ የተነካ ሆድ ስለሚኮማተር የልጁን አቀማመጥ መለየት ያስቸግራል ይሉኛል። በበሽተኛው ካርድ ጀርባ ላይ ደግሞ የተሸካሚዎቹን ስም አንድ በአንድ ይጽፋሉ። ተቆጣጣሪ መጥቶ “ይኼ ምን ያደርጋል?” ቢላቸው፣ “እነሱ ባይኖሩ ካርዱ በማን ስም ይወጣ ነበር?” አሉት። ሰውዬው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ካስተማሩኝ ሁሉ አንዱን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ደብተሩ ዛሬም አለ። “የምታምጥ ሴት ስትጮኽ አትፍሪ። ሁለት ቀን ጮኻ፣ ልጁ ሳይወለድ ድንገት ዝም ስትል ነው የምትፈሪው። ቤተ ሰቦቿ ምጡ ተዋት ብለው ደስ ይላቸዋል። ማኅፀኗ ተቀዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ሩጪ።”

ከዳባት ዛሪማ ተመደብኩ። ሙቀቱ ሌላ፣ በሽታው ሌላ ነው። አማርኛና ትግርኛ እየቀላቀሉ የሚያናግሩኝ እናቶች በወባ የሚንቀጠቀጡ ልጆች ታቅፈው ከማለዳ ጀምሮ ደጃፌ ላይ ይሰለፋሉ። አለቃዬ እግሩን ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሮ የወር ሪፖርት የሚፈርም ሰው ነበር። ሪፖርቱ በሰዓቱ ከደረሰ ሌላው አያስጨንቀውም። እዚያ ፈጥኖ መወሰን ተማርኩ። ፈጥኖ የሚወስን ሰው ሁልጊዜ ትክክል እንደሆነ ማመንም የተማርኩት እዚያው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ደባርቅ ገባሁ፣ እስከ ጡረታዬም እዚያው ቀረሁ። ዋኘውን ያገኘሁት ደባርቅ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው።

ዋኘው የጅብራ ሜዳ ገበሬ ነበር። ጅብራ ሜዳ ከሳንቃ በር መንገድ በታች ነው፤ ያኔ ሰው ከታመመ በቃሬዛ እንጂ በሌላ አይወጣም። ዋኘው የቃሬዛ ዳኛ ነበር። ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ መድቦ ተራ ያወጣል። ተራውን የቀረ ሰው በሚቀጥለው ሁለት ሰው ሆኖ ይሸከማል። ሰው ሲታመም ጥሩንባ አያስነፋም ነበር። ጥሩንባ የቀብር ነው ይላል። ራሱ ከቤት ቤት እየሮጠ ይቀሰቅሳቸዋል።

የጅብራ ሜዳ ሰዎች የማያፈርሱት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ሕያው ሰው የያዘ ቃሬዛ ከመድረሻው በፊት መሬት አይነካም። መሬት የሚነካው አስከሬን ሲይዝ ነው። ስለዚህ አረፍን ሲሉ እንኳ ቆመናል ማለታቸው ነው። አራቱ ሲደክማቸው ሌሎች አራት ከሥር ትከሻቸውን ያስገባሉ፣ ውኃ የሚጠጣውም በየተራ ነው።

አንድ ቀን ሽማግሌ ይዘው መጡ። ሽማግሌውን ካስተኛሁ በኋላ እንደ ጋሽ አብተው ወደ ተሸካሚዎቹ ዞርኩ። የዋኘው ትከሻ ተልጦ ሸሚዙ ላይ ተጣብቋል።

“ና ተቀመጥ፣ ትከሻህን ልየው።”

“እኔ በሽተኛ አይደለሁም፣ አህያ ነኝ” አለ። ጓደኞቹ ሳቁ።

“አህያም ሲላጥ ይታከማል።”

“እንግዲያውስ ገብስ ጨምሪበት!”

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለገበያ ሲወጣ አንድ ቁና ገብስ ይዞ ክሊኒኩ ደጃፍ ቆመ። “አንቺ ብትነፍጊኝ እኔ አመጣሁልሽ” አለኝ። በዓመቱ ተጋባን። ልጅ አልሰጠንም። እሱ መሬቱን፣ እኔ ሥራዬን አልለቅም ስላልን ቅዳሜና እሑድ፣ በዓልም ሲሆን እንገናኝ ነበር። ሰው ፊት “ሐኪሟ” ይለኛል፣ አንቱ ይለኛል። እቤት ስንገባ “እስቲ ሐኪሟ፣ ይችን በግ እዩልኝ፣ ፊቷ ጠቁሯል” እያለ ያሾፍብኛል።

ስንት ሰው እንደተሸከመ አላውቅም። አብረውት የሚወጡትም ስማቸውን የትም ያላጻፉ ሰዎች ናቸው። የእኔ ሥራ የሚጀምረው የእነሱ ካለቀ በኋላ ነበር። እኔ ላዳንኳቸው እጄን ይስሙኛል። እነሱ ባዶ ቃሬዛቸውን ተሸክመው ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ።

ዓመታት አለፉ። መኪና የሚሄድበት መንገድ ተስተካከለ፣ ስልክ ገባ። በመጨረሻ ወረዳው አምቡላንስ አገኘ። ያን ጊዜ እኔ የእናቶች ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ጅብራ ሜዳ ወርጄ ሕዝቡን ሰብስቤ ተናገርኩ። ያልኩትን ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

“ከእንግዲህ ቃሬዛ ታሪክ ሆኗል። እናንተ መንገድ ድረስ አምጧት፣ ከዚያ ያለው የእኛ ነው።”

አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ “ሐኪሟ፣ መኪናዋ መቆም ትችላለች ወይስ እንደ እኛ ተራ ታወጣለች?” ብለው ሰውን አሳቁት። እኔ ተናደድኩ። ዋኘው ተነሥቶ “እሳቸው ያሉትን እንስማ። የሚያውቁት እሳቸው ናቸው” ብሎ አበረደው። አንድ የኮሶ ዛፍ ያለበት የመንገድ ጥምዝ መጠበቂያ ይሁን ተባለ። ከዚያ ጥምዝ ወደ ደባርቅ የሚወስድ የእግር አቋራጭ አለ። ከቃሬዛ ጋር አራት ሰዓት ነው። አቋራጩ ግን ከመኪናው መንገድ ይለያል።

የየሻረግ ነገር የመጣው በዚያው ዓመት ነው።

የሻረግ የማንጠግቦሽ አንድ ልጃቸው ነበረች። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዷል። ምጥ ሲጀምራት እናቷ ለማንም አልተናገሩም። ብዙ ሰው ያወቀው ምጥ ይጠናል ስለሚባል ብዙ ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ነው ዋኘውን የጠሩት።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

“ጥሩ፣ የማንጠግቦሽን ልጅ ይዘን ኮሶው ጋ ደርሰናል። መኪናው የት አለ?”

ለሾፌሩ ደወልኩ። ከዛሪማ በኩል ሌላ እናት ይዞ የሊማሊሞን ዳገት እየወጣ ነው። እሷን አድርሼ በአንድ ሰዓት ውስጥ ኮሶው ጋ እሆናለሁ አለኝ። ለዋኘው መልሼ ደወልኩ።

“ቁሙ። እየመጣ ነው። በአቋራጩ ከገባችሁ ይስታችኋል።”

“እሺ።”

ስድስት ሰዓት ሲሆን እንደገና ደወለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው።

“ጥሩ፣ ምጡ ተዋት። ዝም ብላለች። ሴቶቹ እግዚአብሔር ይመስገን እያሉ ነው። እኔ ግን ፊቷን አልወደድኩትም። በአቋራጩ ልግባ?”

እዚህ ላይ ለሦስት ቀን መጻፍ አቁሜ ነበር።

ጋሽ አብተው ያሉኝን በዚያች ቅጽበት አስታውሼዋለሁ። ረስቼው ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፣ ግን አልረሳሁትም። ለሾፌሩ ደወልኩ፣ ስልኩ አይሠራም። አሁን ከተነሡ አሥር ሰዓት ይደርሳሉ፣ መኪናው ከመጣ ግን በአንድ ሰዓት ይዟት ይገባል ብዬ አሰብኩ። ይህን ማንም ሊያስበው ይችላል። ለማንም ያልነገርኩት ሌላው ነው። በዚያ ሳምንት ከበላይ እንግዶች ይመጡ ነበር። ከጅብራ ሜዳ በዚህ ዓመት አንዲትም እናት በቃሬዛ አልመጣችም ብዬ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። አሥራ ስድስት ገበሬ ቃሬዛ ተሸክሞ ደባርቅ ከተማ መሐል ሲገባ ታየኝ። አፈርኩ።

“ቁም አልኩህ እኮ!” ብዬ ጮኽኩበት።

“እሺ” አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ ደወለ። ሲናገር ከኋላው የሴት ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የአንድ ወንድ ድምፅ፣ “አይዞሽ እህቴ፣ ትንሽ ነው የቀረው” ሲል ሰማሁ።

“እንደቆምን ነን ጥሩ” አለኝ ዋኘው።

“ሂዱ” አልኩት። “ሂዱ፣ ሩጡ!”

ሮጡ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሄዱ አቋራጩ ላይ ሞተች። ቃሬዛውን መሬት ያስነኩት ያን ጊዜ ነው። አምቡላንሱ ሊማሊሞ ላይ ጎማው ፈንድቶ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ቆሞ ነበር። ኮሶው ጋ ሲደርስ ማንም አልነበረም።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ በኋላ እንደነገረኝ፣ እነዚያን አራት ሰዓታት አንድም ጊዜ አላስቀመጧትም። አራት አራት እየሆኑ እየተቀያየሩ ቆመው ነበር። ፀሐዩ እንዳይመታት ሴቶቹ ነጠላቸውን ወጥረው ይይዙላት ነበር።

ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ነበር። ማንጠግቦሽ ከወገባቸው ቀና ብለው ተሸካሚዎቹን አዩ።

“ልጄን አስፋልቱ ዳር ያስቆማት ማነው?” አሉ። መንገዱ አስፋልት አልነበረም፤ እሳቸው የመኪና መንገድ ሁሉ አስፋልት ይሉታል።

ሰዎቹ ወደ ዋኘው ዞሩ። በስልክ የተባለውን የሰማው እሱ ብቻ ነው፤ እነሱ የሰሙት እሱ ቁሙ ሲል ነው።

“እኔ ነኝ” አለ።

“እንዳስቆምካት አምላክ ያስቁምህ” አሉት።

እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አልተነሣሁም።

በማግሥቱ ደባርቅ መጣ። “እናገራለሁ” አልኩት። ውሸቴን አልነበረም፤ ግን እንዲከለክለኝ እየለመንኩትም ነበር።

“ምን ብለሽ?” አለኝ።

“እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው ብዬ።”

“ከዚያስ? የትኛዋ ሴት ናት አንቺ ጋ የምትመጣው? ሁሉም እቤቱ ይወልዳል፣ እቤቱ ይሞታል። እኔን ቢጠሉኝ ቃሬዛ የሚሸከም አይጠፋም። አንቺን ከጠሉ ግን ማን አላቸው?”

“አንተስ?”

“እኔ ትከሻዬ ደንድኗል።” ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር።

ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ስድስት ዓመት ሆነው።

አንዱ ነገር እንዳለው ሆነ። ሴቶቹ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ያዋለድኳትን እያንዳንዷን እናት ሳይ ዋጋውን ማን እየከፈለ እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላው ግን እንዳለው አልሆነም። ከዳኝነቱ አወረዱት፣ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው መረጡ። ሰውየው ተራ ማውጣት አቃተው። ቃሬዛው የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ቀረ። መኪናው ሲመጣ ይመጣል፤ ሳይመጣ ሲቀር የሚሸከም ሰው የለም። ሁለት ዐሥርት ዓመት የሠራውን ሥራ እኔ በአንድ ቀን አፈረስኩት።

ዋኘው እሑድ እሑድ ደጀ ሰላም ላይ ማንጠግቦሽን ይጠብቃል። “እንደምን አደሩ እማማ?” ይላቸዋል። ፊታቸውን ያዞራሉ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ይላቸዋል። “ተው እንግዲህ፣ አይመልሱልህም” ስለው፣ “ሰላምታ እኮ ነው፣ ምን ይጎዳል?” አለኝ።

ጉበቱ ታመመ። የመጨረሻዎቹን ወራት ደባርቅ አምጥቼ ያስታመምኩት ራሴ ነኝ። እጄን ብብቴ ሥር አሙቄ ሆዱን ስነካው ምን እንዳለ አወቅሁ። እሱም ከፊቴ አወቀ።

“አሁን ልናገር?” አልኩት።

“ጡረታ ስትወጪ። የሚፈልግሽ ሲጠፋ” አለና ፈገግ አለ።

አስከሬኑን በአይሱዙ ጭኜ ጅብራ ሜዳ ወሰድኩት። ስንቱን የተሸከመ ሰው የሚሸከመው ሲጎድል አየሁ። ካህናቱ ራሳቸው አንዱን ጎን ያዙ። በአገራችን የተጣላም ሰው ቢሆን ቀብር ይወጣል። ማንጠግቦሽ አልወጡም።

ጡረታ ወጣሁ። አሁንም ስምንት ወር ዝም አልኩ። ሰላማዊት ያንን ዝርዝር ባታመጣ ኖሮ ዛሬም ዝም እል ነበር።

እሷ በመጣች ማግሥት ኮሶው ድረስ በመኪና ሄጄ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ማንጠግቦሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ።

“እንደምን ዋሉ እማማ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ማነሽ?” ብለው ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። “ሐኪሟ! ነይ፣ ነይ፣ ተቀመጪ። ልትሸለሚ ነው አሉኝ። እመጣለሁ፣ ጉልበቴ እንዲህ ሆኖ እንኳ እመጣለሁ። ለነፍሱ ይሁንና ባልሽን አልወደውም ነበር፤ አንቺን ግን የማይወድ የለም።”

ቁጭ አልኩ። መዘጋጀቴ ምንም አልጠቀመኝም። እንዲሁ ተናገርኩት፦ ሲደውልልኝ ቁሙ ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ።

እንዝርቱ ቆመ።

“በስልኩ?”

“አዎ።”

“አንቺ?”

“እኔ። ሁለት ጊዜ ቁሙ አልኩ። በሦስተኛው ሂዱ አልኩ።”

“እሱ ለምን አልተናገረም?”

ነገርኳቸው።

“በስልኩ ልጄን ሰማሻት?”

“ሰማኋት።”

“ምን አለች?”

ልዋሽ እችል ነበር። ስምዎን ጠራች ብላቸው፣ የእመቤታችንን ስም ጠራች ብላቸው ያምኑኝ ነበር።

“‘አስቀምጡኝ’ አለች።”

“አላስቀመጧትም?”

“አላስቀመጧትም።”

ማንጠግቦሽ ፈትሉን ከእንዝርቱ ላይ ቀስ ብለው ማላቀቅ ጀመሩ። እጃቸው የሚሠራውን የሚያውቅ አይመስልም።

“ሁለት ሌሊት የደበቅኋት እኔ ነኝ” አሉ። “ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በነጠላ የያዝኩ እኔ ነኝ። ያን መቻል ሲያቅተኝ ባልሽ ላይ ጣልኩት። ተሸከመልኝ። አሁን አንቺ መጥተሽ ከሱ ላይ አወረድሽው። የት ላድርገው?”

“ይቅር ይበሉኝ እማማ።”

“የአንቺን ተዪው። ስንት እሑድ ነው እንደምን አደሩ ያለኝ? ቀብሩ ሲያልፍ በሬን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ቀብር ሳልወጣ! እሱ በሕይወት እያለ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?”

የመጣሁበትን ተናገርኩ። “ስሙ እንዲጻፍ እሺ ይበሉ። እርስዎ እሺ ካሉ ይጽፉታል።”

“ለሱ ስም ፈቃጅ እኔ ነኝ?” አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። “የት ነው ያለው?”

“ከቤተ ልሔሙ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር። ድንጋዩ ላይ ስሙ አለ።”

“ማንበብ አልችልም።”

“አብሬዎት ልምጣ።”

“አንቺ አትምጪ።”

ነጠላቸውን ለብሰው ዱላቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። እኔ እስክሄድ እየጠበቁ እንደሆነ ገባኝና ዳገቱን ጀመርኩ። ዞሬ አላየሁም። ይሂዱ ይቅሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትናንት ሰላማዊት ደወለች።

“እትዬ፣ ከጅብራ ሜዳ ምንም መልስ አልመጣም። ዝርዝሩ ወጥቷል። የባለቤትዎን ማስገባት አልቻልንም።”

“የእኔን ሰርዢው” አልኳት።

“ውይ እትዬ” አለች፣ “ታትሟል እኮ።”